«ነሲብ» ከወዴት መጣ?

ማስረጃ ሳይዝ የሚያወራን ሰው «በነሲብ አትናገር» ይሉታል። በነሲብ ገመተ፣ በነሲብ መረጠ፣ በነሲብ ተኮሰ ይባላል። በዛሬው አማርኛ ቃሉ ብቻውን የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ «በ» ከፊቱ አይጠፋም።

ምንጩ ዐረብኛ ነው። እዚያ ነሲብ ማለት በቅድሚያ ድርሻ ነው፤ ለአንድ ሰው ተለይቶ የተመደበ። ቁርአን በ4ኛው ምዕራፍ 7ኛ አንቀጽ፣ ወላጆችና የቅርብ ዘመዶች ከተዉት ሀብት ወንዶችም ሴቶችም ድርሻ እንዳላቸው ሲደነግግ የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛው የሀብት መጠን «ኒሳብ» የሚባለውም ከዚያው ሥር ወጥቶ ነው። ሁለቱም የሚገመቱ ሳይሆኑ ተለክተው የሚታወቁ ናቸው።

ከውርስ ድርሻ እስከ ዕድል ያለው መንገድ አጭር ነው። ከአባት ሀብት የሚደርስ እንዳለ ሁሉ፣ ከሕይወትም ለእያንዳንዱ የተቆረጠለት አለ ተባለ። አማርኛ ራሱ ከማንም ሳይበደር እዚያው ደርሷል፤ «ዕጣ ፈንታ» ውስጥ ያለው ፈንታ ድርሻ ነው።

ቃሉ ብዙ አገር ዞሯል። ቱርኮች «ናሲፕ» ይላሉ፣ ሶማሌዎች መልካም ዕድልን «ነሲብ» ይሉታል። በብዙ ዐረብ አገሮች ሎተሪ «ያነሲብ» ነው፤ በስዋሂሊም «ባሃቲ ናሲቡ»። አሚታብ ባቻን የተወነበት የ1981 (እ.ኤ.አ.) የሕንድ ፊልም ርእሱ «ነሲብ» ነው፤ የታሪኩ ጠብ ሁሉ የሚነሣውም ዕጣ ከወጣለት አንድ የሎተሪ ቲኬት ነው።

የሚገርመው አማርኛ ላይ የደረሰው ለውጥ ነው። አስቀድሞ የተወሰነውን ይጠራ የነበረ ቃል፣ ያልታሰበበትን ነገር መጥሪያ ሆነ። ምክንያቱ ዕጣ ራሱ ይመስላል፦ ዕጣ ለሚያምንበት ከላይ የተቆረጠ ነው፣ እጁን ሰዶ ለሚያወጣው ግን ጭፍን ነው። አማርኛ የያዘው የአውጪውን ወገን ነው። የስዋሂሊው «ክዋ ናሲቡ»ም «በአጋጣሚ» ማለት ነው።

ይህ ለጥናት ጸሐፊዎች ችግር ይፈጥራል። «በነሲብ የተመረጡ ነዋሪዎች» ብለው ሲጽፉ ሁሉም እኩል የመመረጥ ዕድል ነበራቸው ማለታቸው ነው፤ አንባቢው የሚሰማው ግን እንደነገሩ የተለቀሙ ሰዎችን ነው። ስለዚህ «በዕጣ የተመረጡ» ብለው ይጻፉ።