ግራቭል፦ ለኮሮኮንች የተሠራው ብስክሌት

የኢትዮጵያ ሯጭ አስፋልትን በቁጠባ ነው የሚጠቀመው። ማለዳ በሲኤምሲና በአያት አድርገው ወደ ሰንዳፋ የሚያልፉት የአትሌት ሚኒባሶች ብዙውን ቀን ሰው የሚያራግፉት ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ማሳው የሚገባ ኮሮኮንች ጋ ሲደርሱ ነው። አስፋልት በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ እግር ይበላል ይላሉ። የቀረው ቀን የኮሮኮንችና የጫካ ነው። በባሕር ዛፉ መካከል አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ ሽቅብ ቁልቁል እየተጠማዘዘ የሚሮጠውን ሰልፍ ማለዳ እንጦጦ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ ከዚህ ጥበብ ብዙም አልተካፈለም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አስፋልቱን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ አውጥቶለታል። በኋላም ከኮሪደር ልማቱ ጋር በቦሌና በመገናኛ በኩል የራሱ መሥመር ተዘርግቶለታል። መልካም ነው፤ ልጆችም ሲነዱበት ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን ከአያት ወዲያ፣ ከኮተቤ ወደ ላይ፣ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች ጓሮ የሚጀምረው ሌላ አገር ነው። ለዚያ አገር ተብሎ የተሠራ የሚመስል ብስክሌት አለ፤ ስሙ ግራቭል ይባላል።

ከሩቅ ሲያዩት ተራ የውድድር ብስክሌት ነው። መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ተቆልምሟል፣ ፍሬሙም ቀጭን ነው። ሲጠጉት ግን ጎማው ይለያል። የአስፋልት ውድድር ብስክሌት ጎማ ስፋቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የግራቭሉ ብዙውን ጊዜ ከ38 እስከ 50 ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን አይነካም፤ መሃል ላይ የታሰረውን ዲስክ ነው የሚነክሰው። ጭቃ የለበሰ ቸርኬ ፍሬን አይቀበልምና ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፊት ጥርሱ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ የኋላው ግን ሰፊ ነው። ፊት 40፣ ኋላ 44 ጥርስ ላይ ሲያደርጉት ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። የካን ወይም እንጦጦን ሽቅብ የሞከረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

አብዛኞቹ ግራቭል ብስክሌቶች እንደ ተራራ ብስክሌት ንዝረት የሚያበርድ ሹካ የላቸውም። ያን ሥራ የሚሠራው በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። በአስፋልት ላይ ቀጭን ጎማ በ80 ወይም በ90 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ተነፍቶ ይነዳል፤ ግራቭል ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ30 እስከ 40 ይበቃዋል። ጀማሪ ሁሉ ጎማው ድንጋይ እስኪሆን መንፋት ይወዳል፤ ጎሚስታውም ጠንከር ሲል የሠራለት ይመስለዋል። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ጠንካራ ጎማ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይዘላል፣ በዘለለ ቁጥር ጉልበት ይባክናል፣ መታጠፊያ ላይ ደግሞ መሬቱን ይለቃል። ለስለስ ያለው ጠጠሩን ውጦ ያልፋል። ይህን ለማመን አንድ የኮብልስቶን ሰፈር በሁለቱም ዓይነት ጎማ መንዳት ይበቃል፤ ገርጂና ሰሚት ውስጥ ለውስጥ ያሉት መንገዶች ለዚህ ፈተና የተመቹ ናቸው።

ሌላው ለውጥ ካላማዳሪ መቅረቱ ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ አየር እንዳያስወጣ ሆኖ ይገጠምና ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ ላስቲክ ይጨመርበታል። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ወደ ቀዳዳው ይፈስና ይደርቃል፤ ነጂው ሳይወርድ ይቀጥላል። አጋምና ቀጋ በሞላበት የእንጦጦና የየካ ዳገት ይህ ቅንጦት አይደለም። በስለታም ድንጋይ የተሰነጠቀን ጎማ ግን አያድንም፤ ስለዚህ አንድ ካላማዳሪና ፓምፕ ከኮርቻው ሥር ይታሰራል።

በዚህ ብስክሌት የሚደረገው ውድድር ከብስክሌቱ ይበልጥ የተለየ ነው። በጣም የታወቀው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ኢምፖሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚካሄደው አንባውንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር 34 ሰው ብቻ ነበር የተሰለፈው፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይሄዳል። ርቀቱ 200 ማይል፣ ማለትም 322 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2024 ያሸነፈው አውስትራሊያዊው ላክላን ሞርተን ከዘጠኝ ሰዓት ጥቂት አልፎት ጨረሰ፤ የባንክ ሠራተኛውና አስተማሪው ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላም ይገባሉ። ሁሉም የሚነሡት ከአንድ ከተማ፣ የሚሄዱትም በአንድ መንገድ ነው። ከኋላ ጎማ ይዞ የሚከተል የቡድን መኪና የለም። መንገዱ መሪው ላይ በታሰረች ጂፒኤስ ይነበባል፣ ውኃና ምግብ የሚገኘው በተወሰኑ ጣቢያዎች ብቻ ነው፣ በየጣቢያው የመድረሻ ሰዓት አለ፣ ጎማ ቢፈነዳ የሚጠግነው ራሱ ነጂው ነው። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ዘግይቶ በ2022 በጣሊያን ቬኔቶ የመጀመሪያውን የግራቭል የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጀ። እንደ እኔ የስፖርቱ ጣዕም ያለው ግን ማዕረግ ባላቸው ውድድሮች ላይ ሳይሆን ሁሉም ሰው አብሮ በሚንገላታባቸው ላይ ነው።

የካንሳስን ነገር ያነሳሁት በጭቃው ምክንያት ነው። በ2023 ገና መነሻው አካባቢ ዝናብ ያረሰው መንገድ ጎማ፣ ካቴናና ማርሽ አንድ ላይ ጠቅልሎ አሰረ። የዓለም ምርጥ ነጂዎች ብስክሌታቸውን ተሸክመው በእግራቸው ሄዱ፤ ጭቃውን በእንጨት እየፋቁ ቀጠሉ፤ የብዙዎች ማርሽ ተሰበረ። ይህን ጭቃ የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ስሙን ያውቀዋል፦ ዋልካ። ከቦሌ ቡልቡላ በለሚ አድርጎ እስከ አራብሳ ያለው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቅና ጠንካራ ይሆናል፤ በክረምት ግን ጎማ ላይ ይጠቀለላል እንጂ አይረግፍም፤ ፔዳል መርገጥም ዋጋ የለውም። ብልኃት የለውም፤ ወርዶ መሸከም ነው። ወደ የካና ኮተቤ ጋራ ሲወጡ አፈሩ ይቀላል፤ ቀዩ አፈር ያንሸራትታል እንጂ አያስርም። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጋራውን እንጂ ሜዳውን አትንኩት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሁለቱም ይነዳሉ።

የጋራውን ጫካ ጫካ ያሰኘው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ የማገዶ ችግር ከተማዋን እንዳያፈልሳት ያደረገ ዛፍ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን ጥሩም ክፉም አለው። ከሥሩ ብዙ ሣርና ቁጥቋጦ ስለማያበቅል መንገዱ ክፍት ነው፣ ርቀትም ያሳያል። መሬቱ ባዶ ስለሆነ ደግሞ ጎርፍ ይቦረቡረዋል፤ አምና ደህና የነበረ መንገድ ዘንድሮ ቦይ ሆኖ ይገኛል። የረገፈው ቅጠል ሲደርቅ እንደ ልብ ያስነዳል፣ ጤዛ ሲነካው ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይታመንም። ጽድና ወይራ የሚታዩት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢና አዲስ በተተከለበት ቦታ ነው። በየካ ጋራ ላይ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው፣ ጣሪያው የፈረሰው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤልም እዚሁ ነው፤ ብስክሌት አቁሞ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም።

ትንፋሽ ካልን ከፍታውን እንናገር። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ሸንተረር ከ3,000 ያልፋል። በ3,000 ሜትር አንድ ትንፋሽ የሚያገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚያገባው ሰባ በመቶ ያህል ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ለመኖር አይቸገርም፤ ዳገት ላይ ልብን አስጩኾ መንዳት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በረጅም ጉዞ መጀመሪያው ሰዓት ላይ ማውራት የሚያስችል ፍጥነት ካልያዙ አራተኛው ሰዓት ላይ ዕዳው ይከፈላል። ፀሐዩም እንዲሁ፤ ብርዱ ያታልላል እንጂ ቆዳ ይቃጠላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከእንጦጦ ቁልቁል መውረድ ጣት ያደነዝዛል፤ ፍሬን የሚይዘው ደግሞ ያው ጣት ነው። የድሮ ብስክሌተኞች ቁልቁለት ከመጀመራቸው በፊት ደረታቸው ላይ ጋዜጣ ያስገቡ ነበር፤ ዛሬም ከብዙ ውድ ጃኬት ይሻላል።

ምግብ ላይ የእኛ ጓዳ አያሳፍርም። ለረጅም ሰዓት የሚነዳ ሰው በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዲወስድ ይመከራል። በውኃና በስኳር ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ ኮዳ ውስጥ ገብቶ ይህንን ይሠራል፤ ሙዝና ተምርም እንዲሁ። ቆሎ ጥርስ ላይ ጊዜ ይፈጃል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ያንቃል፤ ለእረፍት ይቆይ። ጭኮ ቅቤ ስለበዛበት ሆድ ላይ ይቆያልና ለማታ ይሁን።

ከኛ የሚቀርበው ትልቅ የግራቭል ውድድር ኬንያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው ማይግሬሽን ግራቭል ሬስ ማሳይ ማራን በአራት ቀን፣ 650 ኪሎ ሜትር ያካልላል። አሳቡ ቀላል ነበር፦ የምሥራቅ አፍሪካ ብስክሌተኛ ለአውሮፓ ውድድር ቪዛ ሲለምን ከሚኖር የአውሮፓው ሰው ወደ እሱ ይምጣ። ውድድሩን ያቋቋመው የአማኒ ቡድን መሪ የነበረው ኬንያዊው ሱሌ ካንጋንጊ በ2022 በአሜሪካ ቬርሞንት ግራቭል ውድድር ላይ ወድቆ ሞተ። ስፖርቱ ጨዋታ ቢመስልም የጠጠር ቁልቁለት ልምድ ላለውም አይራራም።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር አብረው የሄዱት እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ የአበበ ቢቂላ የሮም ድል ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከካይሮ ኬፕታውን የሚሄዱት የቱር ዳፍሪክ ነጂዎችም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ከ1,300 ሜትር በላይ የሚወጣውን የዓባይ ሸለቆ ዳገት በሰዓት እየተፎካከሩ ወጥተዋል። በእኛ ዳገት ሲፎካከሩ የነበሩት አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች መሆናቸው ቢያስቆጨኝ አይፈረድብኝም።

የራሳችን ውድድር ቢኖረን መሥመሩን ለማሰብ ካርታ አያስፈልግም። ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂና በሰሚት ኮብልስቶን፣ ከአያት ወደ ለገጣፎ፣ ከዚያ በየገበሬው መንገድ ወደ ጋራው፣ በየካ ጫካ እስከ እንጦጦ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ከተማ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድና ማረፊያ አለው፤ ጣቢያ ለመትከል ይመቻል።

ጫካው ግን ባዶ ሜዳ አይደለም። ከ30 ኪሎ በላይ እንጨትና ቅጠል ጀርባቸው ላይ አስረው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶች መንገዱን ከማንም በፊት ይዘውታል። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ከፊት የሚመጣውን አያዩም፣ ለመሸሽም ጭነቱ አይፈቅድላቸውም። ወርዶ ዳር መያዝ የብስክሌተኛው ግዴታ ነው፤ ደወል እየደወሉ ማለፍ ነውር ነው። ውሻ ሲመጣ ከመሸሽ ወርዶ ብስክሌቱን መሃል ማድረግ፣ ካልሆነም ድንጋይ ሊያነሱ እንደሆነ ማጎንበስ ይበቃል። ጎሕ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ጫካው የጅብ ነው፤ ብቻችሁን አትግቡ።

ግራቭል ብስክሌት ውድ ነው፤ ለመጀመር ግን አያስፈልግም። ያለው ሳይክል ሰፊ ጎማ የሚቀበል ከሆነ ጎማውን ብቻ ለውጡ፣ አየሩን ቀንሱ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከአያት ወዲያ ውጡ። ውድድር የምታዘጋጁ ክለቦችና ፌዴሬሽኑም አንድ ቀን ኮሮኮንቹን ሞክሩት፤ መንገዱ ለመሠራት አንድ ብር አይጠይቃችሁም።