የጣና ሞተር ጀልባ ለምን ይደክማል?
ባለሁለት ምት ሞተር በ1,786 ሜትር ከፍታ

በጣና ሐይቅ ላይ ዓሣ ማጥመድ ለብዙ ዘመን የተመሠረተው ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ላይ ነበር፡፡ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለዓሣ አጥማጁ የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የጣና ሐይቅ ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም አማካይነት ነው፡፡ ታንኳ ቢያንስ አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ቀዛፊው እስካልደከመ ድረስ አይደክምም፡፡ ሞተር ግን ነጂው ሳይደክም ይደክማል፤ ይህም ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት፣ ከዘጌ ሰው ጭኖ ሲመለስ ከሆነ ነገሩ ከገንዘብ ኪሣራ ያልፋል፡፡

ሞተሩ ሲንተፋተፍ ወይም ኃይል ሲያጣ በአብዛኛው የሚወሰደው እርምጃ የሚታወቅ ነው፡፡ ካንዴላ ይቀየራል፤ ካልተሻለው ዘይት ይጨመርለታል፤ ቀጥሎ ካርቡራተሩ ይፈታል፤ በመጨረሻም ቴስታታው ይከፈታል፡፡ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን መፍታት ከመለየት በኋላ መምጣት እንዳለበት ነው፡፡ በተለይም በጣና ላይ የሞተር ድካም የምንለው ነገር ከፊሉ ብልሽት ሳይሆን የቦታው ከፍታ ውጤት መሆኑን የማያውቅ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር ሊያሳምም ይችላል፡፡

እንደሚታወቀው ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ እነርሱም በተገቢው መጠን የተደባለቀ አየርና ቤንዚን፣ በተገቢው ቅጽበት የሚፈነጥቅ ብልጭታ፣ እንዲሁም ድብልቁን አምቆ የሚጨምቅ ሲሊንደር ናቸው፡፡ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ እ.ኤ.አ. በ1891 ባቀረበው አሠራር መሠረት በተለመደው ትንሽ ባለሁለት ምት ሞተር ውስጥ ድብልቁ መጀመሪያ ከፒስተኑ ሥር ወዳለው የክራንክ ክፍል ይገባል፤ ፒስተኑ ሲወርድም ተገፍቶ በጎን መተላለፊያዎች በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይወጣል፡፡ የክራንክ ክፍሉ መተንፈሻ ሳንባ ስለሆነ እንደ መኪና ሞተር ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም፡፡ ስለዚህ የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል፡፡ በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ይህን ነጥብ በልቡ ያኑረው፡፡

ከፍታው ምን ያደርጋል?

የጣና ሐይቅ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፡፡ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 815 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን ይህም በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፡፡ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው የአየር ይዘት ባይቀንስም መጠነ ቁሱ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል፡፡ በመሆኑም በሽፋኑ ላይ 15 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር በባሕር ዳር፣ አንዳችም ብልሽት ሳይኖርበት፣ ወደ 12 ይወርዳል ማለት ነው፡፡ ይህን ማንም መካኒክ ሊመልሰው አይችልም፡፡

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግን የበለጠ ትኩረት ይሻል፡፡ አየሩ በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምርና ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጄት በምትባለው ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን በኩል ቤንዚኑን የሚስበውም ይኸው የግፊት ልዩነት ነው፡፡ አየሩ በ20 በመቶ ሲሳሳ የግፊት ልዩነቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፡፡ የቤንዚኑ ፍሰት ግን የሚከተለው ልዩነቱን ራሱን ሳይሆን የልዩነቱን ስኩዌር ሩት ስለሆነ የሚቀንሰው በ10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፡፡ አየሩ በአምስተኛ፣ ቤንዚኑ በአሥረኛ ሲቀንስ ድብልቁ ከሚፈለገው በላይ በ12 በመቶ ያህል በቤንዚን ይወፍራል፡፡ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ሞተር ጣና ላይ ሲጨስ፣ ካንዴላው ሲጠቁርና በዝቅተኛ ፍጥነት ሲንተፋተፍ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፡፡

ሁለተኛው ጉዳይ የጭመቃ መለኪያው ነው፡፡ መካኒኩ ካንዴላውን አውጥቶ የግፊት መለኪያ ይገጥምና የማስነሻ ገመዱን ደጋግሞ ይስባል፡፡ በባሕር ወለል 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር በባሕር ዳር 6.4 ባር ገደማ ብቻ ያሳያል፡፡ ምክንያቱም ፒስተኑ የሚያባዛው መጀመሪያ የገባውን ግፊት ነው፤ የገባው ከሌለ የሚባዛ የለም፡፡ መመሪያ መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ሰው ይህን አይቶ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ብሎ ይፈርዳል፤ ከውጭ በውድ የሚመጣ መለዋወጫም በከንቱ ይገዛል፡፡ ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር ሲሆን ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ ሁለቱን እርስ በርስ ማወዳደር የተሻለ ዳኛ ነው፡፡ ልዩነታቸው ከአሥር በመቶ እጅግ ካለፈ በርግጥም ዝቅ ያለው ታሟል፡፡

ፕሮፔለሩም የራሱ ድርሻ አለው፡፡ አየሩ ሲሳሳ ውኃው አልሳሳም፡፡ ፕሮፔለርን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ከዙሩ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ኃይሉ ወደ 80 በመቶ የወረደ ሞተር ከፍተኛ ዙሩ ወደ 93 በመቶ ይወርዳል፤ በደቂቃ 5,500 ይዞር የነበረው 5,100 ያህል ላይ ይቆማል፡፡ መድኃኒቱ ካርቡራተር መጎርጎር ሳይሆን በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አጠር ያለ ፕሮፔለር መግጠም ነው፡፡ እንደ እኔ አስተያየት ለተጫነ ጀልባ ከዚህ የሚበልጥ ወጪ ቆጣቢ ማሻሻያ የለም፡፡

በሽታውን መለየት

እንግዲህ የከፍታውን ድርሻ ካወቅን የቀረው የብልሽት ነው፡፡ ሞተሩ ከትናንት በስቲያ ደኅና ሠርቶ ዛሬ ከደከመ ከፍታው ተጠያቂ አይደለም፤ ሐይቁ በአንድ ሌሊት አልወጣምና፡፡ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው የሚደክመው በየትኛው ፍጥነት ነው የሚለው ነው፡፡

በዝግታ ደኅና ሄዶ ነዳጅ ሲሰጠው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚሞት ከሆነ የቤንዚን እጥረት ይጠረጠራል፡፡ በነዳጅ ቱቦው መካከል ያለችው የላስቲክ ፓምፕ ለዚህ ከሁሉ የረከሰች መመርመሪያ ናት፡፡ ሞተሩ ሊሞት ሲል በእጅ ስትጨመቅ ነፍስ ከዘራ ብልሽቱ ከካርቡራተሩ ወዲህ ነው ማለት ነው፤ የተደፈነ ፊልትሮ፣ አየር የሚስብ የቱቦ መገጣጠሚያ ወይም የሞተሩ የራሱ የነዳጅ ፓምፕ ይሆናል፡፡ ላስቲኳ እንደ ተጨመቀች ተሰልባ ከቀረች ደግሞ የታንኩን ክዳን መተንፈሻ መመልከት ነው፡፡ መተንፈሻው ከተዘጋ ቤንዚኑ በወጣ ቁጥር በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት እየቀነሰ ይሄድና ፓምፑ ሊያሸንፈው አይችልም፡፡ ይህን መሰሉ ሞተር ቆሞ ትንሽ ካረፈ በኋላ እንደገና ስለሚነሣ ብዙ ሰው ‹‹ሞቆበት ነው›› ይላል፡፡

በተቃራኒው በፍጥነት ደኅና ሆኖ በዝግታ የሚሞት ከሆነ ለዝግታ የተሠራችው ቀጭን የነዳጅ መተላለፊያ ተደፍናለች፡፡ ለወራት በቆመ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ ተንኖ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል፡፡ ቀዳዳዋን በሽቦ መጎርጎር ስለሚያሰፋት በመፈልፈያ ፈሳሽና በአየር ማጽዳት ይገባል፡፡ በጀሪካን የተቀመጠ ቤንዚን ውኃ መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ደግሞ ጥቂቱን ከሥሩ በብርጭቆ ቀድቶ ማቆየት በቂ ነው፤ ውኃ ይከብዳልና ከታች ይለያል፡፡

ሞተሩ ባለሁለት ሲሊንደር ሆኖ ሁልጊዜም ደካማና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንዱ ሲሊንደር እንደማይሠራ ይገመታል፡፡ ሞተሩን አጥፍቶ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም አስነሥቶ ማዳመጥ፣ ቀጥሎም በሌላው መድገም ነው፡፡ ሲነቀል ምንም ለውጥ ያላመጣው እርሱ ቀድሞውንም የሞተው ነው፡፡

እዚህ ላይ ስለ ብልጭታ አንድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ ፊዚክስን መበደል ይሆናል፡፡ ካንዴላውን አውጥቶ ብልጭታውን በዓይን ማየትና ‹‹ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው›› ማለት የተለመደ ነው፡፡ ጀርመናዊው ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው ግን ብልጭታ አየርን ጥሶ ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ የሚወሰነው በርቀቱና በግፊቱ ብዜት ነው፡፡ በሲሊንደር ውስጥ አየሩ ብዙ እጥፍ ስለሚጨመቅ የደከመ ቦቢና ውጭ ብልጭ ብሎ ውስጥ ዝም ሊል ይችላል፤ የባሕር ዳር ስስ አየር ደግሞ የውጩን ፈተና ይበልጥ ያቀልለታል፡፡ ስለዚህ ፈተናው ከስድስት እስከ ስምንት ሚሊ ሜትር በሚሆን ክፍተት መደረግ አለበት፤ ይህም በሚደረግበት ጊዜ አካባቢው ከቤንዚን ትነት የጸዳ ይሁን፡፡

ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው ቀጭን የውኃ ጅረትም በየጊዜው ልትታይ ይገባል፡፡ ስትቀጥን ወይም ስትቋረጥ የላስቲክ ፓምፑ አልቋል፣ ወይም የውኃ መሳቢያው በደለል አልያም እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ በታየው በእምቦጭ ሥር ተደፍኗል፡፡ በጣና ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ እንፋሎት ከባሕር ወለል ቀድሞ ይፈጠራል፡፡ ጅረቷ ከቆመች ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ ዳር እስኪደረስ መታገሥ አይቻልም፡፡

ዘይትና ጄት

አሁን ወደ ዘይቱ እንመለስ፡፡ ለብዙዎቹ ሞተሮች የሚታዘዘው 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው፤ ይኸውም ለ25 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር ነው፡፡ ‹‹ለጥንቃቄ›› ተብሎ የሚጨመረው ትርፍ ዘይት ካንዴላውን በጥላሸት ይሸፍናል፡፡ የመኪና ዘይት ደግሞ ሲቃጠል አመድ የሚተዉ የብረት ውሑዶች ስላሉበት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለጀልባ ሞተር የሚዘጋጀው በቆርቆሮው ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት አለው፡፡

የወፈረውን ድብልቅ ለማስተካከል ትክክለኛው መንገድ አምራቹ ለከፍታ ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ጄት መግጠም ነው፡፡ በግምት ማጥበብ ግን አደገኛ ነው፡፡ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ ቤንዚን የተነፈገ ሲሊንደር ዘይትም ተነፍጓል፤ ድብልቁ በቀጠነ መጠንም የፒስተኑ ሙቀት ይጨምራል፡፡ ወፍራም ድብልቅ ካንዴላ ያበላሻል፤ ቀጭን ድብልቅ ፒስተን ያቀልጣል፡፡ ነጣ ያለ ካንዴላ የታየበት ሞተር ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ በሙሉ ኃይል ሊነዳ አይገባም፡፡

ለጣና ጄቱ የጠበበ ሞተር ተሸጦ ወይም ተዛውሮ ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ላይ ቢገጠም፣ ቦታው 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከአየሩ ብዛት የተነሣ ድብልቁ ይቀጥናል፡፡ አዲሱ ባለቤት ሞተሩ በመጀመሪያው ሳምንት እጅግ ፈጣን ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፤ በሁለተኛው ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቅበት ይሆናል፡፡ ስለሆነም ዋነኛዋ ጄት ስትወጣ በትንሽ ከረጢት ተደርጋ ከሞተሩ ሽፋን ውስጥ ብትታሰር፣ የተገጠመችውም ቁጥር በሽፋኑ ላይ ቢጻፍ መልካም ነው፡፡