ጨጓራ ሲያንስ ማዕዱ ምን ይሆናል?

ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንጦጦን የተሻገረ የጎጃም መንገደኛ ሱሉልታን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆነው ጫንጮ ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ የወተትና የቅቤ አገር። እንግዳ «በቃኝ» ቢልም በቀላሉ አይለቀቅም፤ «በሞቴ» ተብሎ ይጎርሳል። ሰው ሲወፍር «ተመቸው»፣ ሲከሳ ደግሞ «ምን ነካው?» ይባላል። ክብደት ለመቀነስ ጨጓራውን በቀዶ ጥገና ያሳነሰ ሰው ከሆስፒታል የሚመለሰው ወደዚህ ዓይነት ቤት ነው። ቀዶ ጥገናው በጥቂት ሰዓታት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በማዕድ ዙሪያ የሚሠራ በመሆኑ ሐኪሙ ብቻውን አይጨርሰውም። ስለዚህ ታካሚው ሲዘጋጅ ቤተሰቡም አብሮ መዘጋጀት አለበት።

ውፍረት የሀብታም አገር ችግር ነው የሚለው አስተሳሰብ ጊዜው አልፎበታል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው በ2000 እ.ኤ.አ. 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. 8 በመቶ ደርሰዋል። በከተማ ከአምስት ሴቶች አንዷ ከነዚህ ወገን ነበረች። ስኳርና ደም ግፊት፣ የጉልበት ሕመም፣ በእንቅልፍ መሐል ትንፋሽ መቋረጥ አብረው ይመጣሉ።

ቀዶ ጥገናው ግን ለወፈረ ሁሉ አይደለም። ሐኪሞች ክብደትን በቁመት የሚመዝነውን ቢኤምአይ የተባለ ልኬት ያያሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ልኬቱ 40 ለደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ሰው ይፈቅድ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ደግሞ 35 ለደረሰ ሁሉ ይመክራል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ለሆነ ሴት 35 ማለት 90 ኪሎ፣ 40 ማለት 102 ኪሎ ገደማ ነው።

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። «ስሊቭ» በሚባለው የጨጓራው ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ቀጭን ቱቦ ይሆናል። «ባይፓስ» የሚባለው ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ብቻ አስቀርቶ ከአንጀት ጋር በቀጥታ ያገናኘዋል። ሁለቱም የሚሠሩት ቦታ በማጥበብ ብቻ አይደለም፤ ረሃብንና ጥጋብን ለአንጎል የሚናገሩ ሆርሞኖችም ይለወጣሉ። ብዙ ታካሚዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ጠፋብን የሚሉት ለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ሆስፒታሎች አገልግሎቱን መስጠት ጀምረዋል፤ ወደ ሕንድና ቱርክ የሚሄዱም አሉ። ውጭ የሚታከም ሰው ምን እንደተሠራለት የሚገልጽ ዝርዝር የሐኪም ጽሑፍ ሳይዝ መመለስ የለበትም። ከወር በኋላ ሆዱን ቢያመው የሚያየው ሐኪም ሌላ ነውና።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተለመደ ስለሆነ አስቀድሞ መመርመርና መታከም ተገቢ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ማቆም አለበት። ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አካባቢ ቅባትና ስኳር፣ እንጀራና ዳቦ የተቀነሰበት ምግብ ይታዘዛል፤ ይህም በስብ ያበጠ ጉበት ቀንሶ ለቀዶ ሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ነው። ብዙ ሰው ግን በዚሁ ጊዜ «ከእንግዲህ አላገኘውም» እያለ ጥሬ ሥጋውንና ክትፎውን ሊሰናበት ይነሳል። ስሜቱ ይገባል፤ ለቀዶ ጥገናው ግን አደጋ ነው።

የአእምሮ ዝግጅት ከዚህ ይከብዳል። ሰው የሚበላው ሲርበው ብቻ አይደለም፤ ሲከፋው፣ ሲሰለቸው፣ ሲጨነቅም ይበላል። ቢላዋ ይህን ልማድ አይነካውም። ጥሩ የሕክምና ቡድን ከቀዶ ሐኪሙ ሌላ የሥነ አእምሮና የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚጨምረው ለዚህ ነው፤ ድብርት ካለ ቀድሞ ይታከማል። «ሰነፍ ስለሆንኩ ነው» እያሉ ለዓመታት ራሳቸውን የወቀሱ ሰዎች ደግሞ ከሐኪም ሊሰሙት የሚገባ እውነት አለ፦ ከባድ ውፍረት የዘር ውርስ፣ የሆርሞንና የአኗኗር ጣጣ ያለበት በሽታ ነው፤ ቀዶ ጥገናም አቋራጭ ሳይሆን ሕክምና ነው።

ፍርሃቱም አይናቅም። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ትልቅ ጥናት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ1,000 ታካሚዎች 3 ገደማ ነበሩ። አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ አለ ግን። ታካሚው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተነስቶ እንዲራመድ የሚገፋፋው በእግሩ ደም እንዳይረጋ ነው።

ቤት ሲገባ ጠያቂ ይጎርፋል። በአገራችን ወግ ታማሚን ባዶ እጅ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ማር የገባበት አጥሚት፣ ቅቤ የዋጠ ገንፎ፣ ለስላሳ መጠጥ ይመጣል። ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት እዚህ ላይ ነው። በተለይ ባይፓስ የተሠራለት ሰው ጣፋጭ ሲወስድ ምግቡ በፍጥነት አንጀት ውስጥ ይገባና ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። በፍቅር የመጣ አጥሚት እንዲህ ሊጎዳ ይችላል። ለስላሳ መጠጥም በጋዙ ጨጓራውን ይነፋዋል። በር ላይ ሆኖ «ሐኪም ከልክሎታል፣ እግዜር ይስጥልኝ» የሚል አንድ ደፋር ዘመድ ያስፈልጋል።

የሚፈቀደው በደረጃ ነው። መጀመሪያ ውሃና ጥሩ የተጣራ መረቅ፤ ቀጥሎ እስከ ሁለተኛው ሳምንት ወተትና ሌሎች ፈሳሾች፤ ከዚያ የላመ ምግብ፤ በሁለተኛው ወር አካባቢ ጠጠር ወዳለው ይሸጋገራል። በዚህ የጫንጮ ሰው የታደለ ነው። ከአሬራ የሚወጣው አይብ ቅባቱ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ለመዋጥም ለስላሳ ነው፤ ስኳር የሌለው እርጎም እንዲሁ። ታካሚው በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን እንዲያገኝ ይመከራልና አይብ፣ እንቁላል፣ ቅባቱ የተቀነሰ ቀጭን ሽሮና የላመ ምስር ከእንጀራው መቅደም አለባቸው። ዳቦና የመሳሰሉት እርጥብ ሆነው ስለሚያብጡ በመጀመሪያ ወራት ይተናነቃሉ፤ እንጀራም ቀስ ተብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ይሞከራል። ምግብና ውሃ አብረው አይወሰዱም፤ ግማሽ ሰዓት ይለያቸዋል። ጉርሻ ደግሞ ለጊዜው ይቅር። ያልታኘከ፣ ያልተመጠነ ጉርሻ ትንሿን ጨጓራ ወደ ትውከት ይወስዳታል።

ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ነው። ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ቢ12 ካልተወሰዱ ደም ማነስ፣ የአጥንት መሳሳትና የነርቭ ጉዳት ይከተላሉ። የብረት ክኒን ከቡና፣ ከሻይ ወይም ከወተት ጋር ከተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ከቡናው ሰዓት መራቅ አለበት። ለራስ ምታትና ለወገብ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በተለይ ባይፓስ ላለው ሰው ቁስለት ያመጣሉ።

ጾም ለብዙዎች የኅሊና ጥያቄ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል በትንሽ ትንሹ እየተጎነጨ ብቻ የሚጠጣን ሰው ውሃ ያስጠማዋል፤ የፍስክ ምግብ መተውም ፕሮቲኑን ያጎድለዋል። ኦርቶዶክሱ ከንስሐ አባቱ፣ ሙስሊሙ ከኢማሙ ጋር ቀድሞ ቢመክር ይበጃል፤ ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው መፍትሔ አላቸው።

በሦስተኛው ወር ገደማ ጸጉር መርገፍ ይጀምራል። ያስደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከወራት በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። የላላ ቆዳ ግን ይቀራል። በዚህ ሁሉ መሐል መንደሩ ያወራል። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን መክሳት የሞት ምልክት ነበርና ፍርሃቱ ዛሬም ከሰው አልወጣም። «ታሟል» የሚለው ሹክሹክታ ታካሚውን ከቁስሉ በላይ ሊያመው ይችላል። ለማን ምን እንደሚናገር ከቀዶ ጥገናው በፊት መወሰን ብዙ ሸክም ያቀላል።

ትዳርም ይፈተናል። በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ትልቁ የስዊድን ጥናት ቀዶ ጥገናው ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይቷል። የዚያው ጥናት ተከታታዮች ሌላም ነገር አዩ፦ ትዳር ወይም ጓደኛ ከነበራቸው ታካሚዎች መካከል መለያየት በዝቷል፣ ብቸኛ ከነበሩት ደግሞ ብዙዎች አጋር አግኝተዋል። ሰውነት ሲለወጥ የቤቱ ሚዛንም ይለወጣል፤ ባልና ሚስት አብረው ሐኪም ፊት ቢቀርቡ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሌላው ፈተና መጠጥ ነው። የእግር ኳሱን ኮከብ ዲዬጎ ማራዶናን የማያውቅ የለም። በ2005 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ካርታሄና ባይፓስ ተሠርቶለት ብዙ ኪሎ ቀነሰ፤ ዓለምም አጨበጨበ። በ2007 እ.ኤ.አ. ግን ከመጠጥ ጋር በተያያዘ የጉበት ሕመም ሆስፒታል ገባ። የመጠጥ ችግሩ ከዚያ በፊትም ነበረበትና ሁሉን በቀዶ ጥገናው ማሳበብ ልክ አይሆንም። ሆኖም ከባይፓስ በኋላ አልኮል በፍጥነት ወደ ደም እንደሚገባ፣ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮም የመጠጥ ሱስ እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። ቀድሞ በጥቂት መለኪያ አረቄ የማይሰክር ሰው ከዚያ ባነሰ ሊሰክር ይችላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብም በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ይጨምራል፤ የታካሚው ጸባይ ሲለወጥ ያየ ቤተሰብ «ያልፍለታል» ብሎ ሳይጠብቅ ወደ ባለሙያ ይውሰደው።

ሴት ታካሚ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንድታቆይ ይመከራል። ክብደት ሲቀንስ የማርገዝ ዕድል ስለሚጨምር፣ ልጅ አልወልድም ብላ ተስፋ ቆርጣ የነበረች ሳታስበው ልትጸንስ ትችላለች። የእርግዝና መከላከያው ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነገር።

ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የተለመደ ነው። በስዊድኑ ጥናት ባይፓስ የተሠራላቸው በአሥረኛው ዓመት ከመነሻ ክብደታቸው 25 በመቶ ያህል ቀንሰው ይገኙ ነበር። 110 ኪሎ የነበረ ሰው 82 አካባቢ ቆየ እንደማለት ነው፤ ለሠርግ ፎቶ ብዙ ባይመስልም ለስኳርና ለልብ ብዙ ነው።

ታክሞ ወደ ጫንጮ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልብ ምቱ ሳያቋርጥ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ሆዱ ወይም ትከሻው አጥብቆ ካመመው፣ ውሃ እንኳ አልረጋለት ካለ እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም፤ የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ይችላል። በሌሊት የሚያደርሰው መኪና የማን እንደሆነና የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀበለው ቤተሰቡ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይጠይቅ፤ ስልክ ቁጥሩንም ግድግዳ ላይ ይለጥፍ።