1804 ተብሎ በ1834 የታተመው ዶላር

በቀደሙት የአሜሪካ የብር ሳንቲሞች ላይ የተቀረጸው ዓመት ሁልጊዜ ሳንቲሙ የታተመበት ዓመት አይደለም (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። አያቶች በጨርቅ ቋጥረው ያቆዩት ጠገራ ብር፣ ማርያ ትሬዛ፣ መቼም ይታተም መቼ የሚያሳየው 1780ን ነው። «ዶላር» የሚለው ስምም ቢሆን የመጣው ከዚሁ ብር የውጭ ስም፣ ከ«ታለር» ነው።

ልማዱ ከአሜሪካ ነፃነት ይቀድማል። በቦስተን ጆን ሃል ለማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ያትማቸው የነበሩት የጥድ ዛፍ ምስል ያለባቸው ሽልንጎች እስከ 1682 ድረስ ሲወጡ ቆይተዋል፤ በላያቸው ያለው ዓመት ግን 1652 ነው።

ነፃው መንግሥት በሚያዝያ 1792 ባወጣው ሕግ በፊላዴልፊያ ማተሚያ ቤት አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ 1,758 የብር ዶላሮች ከዚያ የወጡት በጥቅምት 1794 ነው። መሣሪያው ለትንንሽ ሳንቲሞች የተሠራ ስለነበር ጉልበቱ ለዶላር አልበቃም፤ በብዙዎቹ ላይ የግራው ጎን ፈዞ ይታያል። ክብደትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ጥፍጥፉ ብር ከመጠኑ ከበደ እንደሆነ ከመታተሙ በፊት በሞረድ ይፋቃል፤ ቀለለ እንደሆነ መሐሉ ተበስቶ ቁራጭ ብር ይሰካበታል። ጀማሪ ሰብሳቢ የሞረዱን ጭረት ወይም የተሰካውን ብር አይቶ «ተበላሽቷል» ብሎ ይሸሻል። በ2013 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው የ1794 ዶላር ግን ብር የተሰካበት ነው።

ምስሉን የሚያትመው የብረት ቅርጽ በእጅ ስለሚሠራ ውድ ነበር፤ እስኪሰነጠቅ ድረስ አይጣልም። ዓመቱ ያለፈበትም ቅርጽ አዲስ ቁጥር ተመትቶበት ሥራውን ይቀጥላል፤ 2ቱ ሥር 1 የሚታይባቸው የ1802 ዶላሮች የመጡት በዚህ መንገድ ነው። በ1804 ከማተሚያ ቤቱ የወጡት 19,570 ዶላሮችም የታተሙት በቆዩ ቅርጾች ስለነበር የያዙት የቀደመ ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ የዶላር ሥራ ቆመ። ነጋዴዎች አዲሱን ዶላር ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወስደው ከበድ ባለው የስፔን ብር አንድ ለአንድ እየለወጡት፣ አገር ውስጥ አልገኝ ብሎ ነበር። በ1834 መንግሥት ለሙስካት ሱልጣንና ለሲያም ንጉሥ ስጦታ የሚሆን ሙሉ የሳንቲም ስብስብ ፈለገ። መዝገቡ ዶላር ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በ1804 መሆኑን ስለሚናገር በአዲሱ ቅርጽ ላይ ያው ዓመት ተቀረጸ። ከዚህ ሥራ ዛሬ የሚታወቁት ስምንት ሲሆኑ፣ የሱልጣኑ እንደሆነ የሚታመነው በ1999 ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ወሬው ሲሰማ፣ በ1850ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ለሰብሳቢ የሚሸጥ ሌላ ዙር በድብቅ አተሙ። አንደኛው በ1857 የስዊዘርላንድ ብር ላይ የተመታ ሆኖ ተገኘ፤ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ለዓመቱ ሐሰተኛነት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይገኝም።

ለተራ ሰብሳቢ የሚቀርበው ግማሽ ዶላሩ ነው፤ ባገራችን አነጋገር አላዱ። ዶላር በሌለበት ዘመን ትልቁ የብር ሳንቲም እሱ ስለነበር ባንኮች በመጠባበቂያነት ያከማቹት ነበር፤ ከ1807 እስከ 1836 የታተሙት ብዙም ሳይፋቁ የቆዩት ለዚህ ነው። ቅርጾቹ በእጅ የተሠሩ በመሆናቸው ከዋክብቱና ቁጥሮቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያሉ። አል ኦቨርተን በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ልዩነቶቹን ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ብርቁን ከተራው በአጉሊ መነጽር መለየት የትዕግሥተኛ ሰው ጨዋታ ነው።

የጠቆረ ብር ሲገኝ በሎሚም ሆነ በአመድ አይታሽም፤ ጥቁረቱ የዕድሜ ምስክር ነው፣ የታጠበ ሳንቲም ዋጋውም አብሮ ይታጠባል። በሐሰተኛው ላይ የመጀመሪያው ዳኛ ሚዛን ነው፤ በአገልግሎት ያልሳሳ የዚያ ዘመን ዶላር 27 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቀጥሎ ጠርዙ ይታያል። ከ1794 እስከ 1803 ያሉ ዶላሮች ጠርዛቸው ላይ ጽሑፍ አላቸው፤ በጽሑፉ ምትክ የመጋጠሚያ መስመር ከታየበት ሳንቲሙ የታተመ ሳይሆን ከቀለጠ ብር ወይም ከሌላ ማዕድን የፈሰሰ ነው።