ለቆላ የሚሆን ካርድ

«ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይሻለኛል ወይስ አርኤክስ 570?» መተማ ዮሐንስም ሆነ ገንዳ ውኃ ላይ ጌም ቤት ሊከፍት ያሰበ ወጣት ወደ ጥገና ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። አዲስ የግራፊክስ ካርድ ዋጋው አይቀመስም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮት ወጣ። ስለዚህ ምርጫው ካገለገሉት መካከል ነው፤ ካገለገሉትም ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ደጋግመው የሚቀመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ዕድሜያቸው ይቀራረባል። ኤንቪዲያ 1050 ቲአይን በጥቅምት፣ ኤኤምዲ ደግሞ 570ን በሚያዝያ ለገበያ ያቀረቡት በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት፣ በ2009 ነው። ፊፋ 23ን የሠራው ኢኤ ስፖርትስም ጨዋታው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ካርድ ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ሁለቱንም በ4 ጊጋባይት ጽፏቸዋል። ይህንን ያነበበ ሰው እኩል ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ግን እኩል አይደሉም። የ570 ሜሞሪ በሰከንድ 224 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ የ1050 ቲአይ 112 ነው፤ ልክ ግማሹ። በ1080 ጥራት በአብዛኛው ጨዋታ 570 ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርስ ተጨማሪ ፍሬም ያወጣል። አዲስ በነበሩ ጊዜ የዋጋ ልዩነታቸው 30 ዶላር ብቻ ነበር፤ አንዱ 139፣ ሌላው 169። ከዚያም በመስከረም 2015 ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ማምረት ሲቀር፣ ቀን ከሌት ሲሠሩ የኖሩ 570 እና 580 ካርዶች በዓለም ዙሪያ ገበያ ላይ ፈሰሱ፤ ዋጋቸውም ወረደ። ወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። ውጭ አገር የተሠሩት የማወዳደሪያ ሠንጠረዦች 570ን ግዛ ይላሉ።

እኔ ግን ከጭልጋ ቁልቁል ወርዶ ጌም ቤት ለሚከፍት ሰው 1050 ቲአይ ነው የምለው። ሠንጠረዦቹ ትክክል ናቸው፤ የተለኩት ግን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ መብራት በማይቋረጥበት፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ በተገጠመለት ማሽን ላይ ነው። እኛ ዘንድ ከሦስቱ አንዱም የለም።

ከሙቀቱ ልጀምር። ካርድ የሚቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው፤ አየሩ በሞቀ ቁጥር የካርዱም ሙቀት በዚያው ልክ ይወጣል። ደጋ ላይ 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል 68 ዲግሪ የሚያሳይ ካርድ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ በሚደርስ የመተማ የቆርቆሮ ቤት ወደ 86 ይጠጋል። ፋኑ እስከ መጨረሻው ይጮኻል፤ እሱም አልበቃ ሲል ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልጆቹ «ላግ ያደርጋል» የሚሉት ያን ጊዜ ነው። ከፍለው የገዙት ብልጫ እዚያው ይቀልጣል።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ካርዱ የበላው ዋት ሁሉ ተመልሶ ሙቀት ሆኖ ወደ ክፍሉ እንደሚወጣ ነው። 1050 ቲአይ ቢበዛ 75 ዋት ይበላል፤ 570 ደግሞ 150 ዋት፣ አንዳንዱ አምራች ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ የሸጠው ከዚያም በላይ። አራት ማሽን ባለው ክፍል ልዩነቱ 300 ዋት ይሆናል። እኛ ዘንድ ጌም ቤት የሚሞላው ፀሐይ ከወረደች በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው የቀኑን ትኩሳት ገና ሳይለቅ ሃያ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ እየጮኸ ይጫወታል። በዚያ ላይ የ300 ዋት ማሞቂያ መጨመር ማለት ነው።

ቀጥሎ መብራት። ወደ ሱዳን ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው ከፍተኛ መስመር በመተማ በኩል ያልፋል፤ ቤታችን የሚደርሰው መስመር ግን ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሲመጣም አንዳንዴ ቮልቴጁ ወርዶ ነው። ስለዚህ ጌም ቤት ያለ ጄኔሬተር አይሠራም። እስቲ አብረን እናስላ። ከቢሮ የወጣ ባለ ኮር አይ 5 ዴስክቶፕ ጨዋታ ላይ ሳለ ካርዱን ሳይጨምር ከ60 እስከ 70 ዋት፣ ስክሪኑ 25 ዋት ገደማ ይበላል። 1050 ቲአይ ሲገባበት አንዱ ማሽን ከ160 እስከ 170 ዋት፣ አራቱ ወደ 660 ዋት ይሆናሉ። 570 ሲገባ አንዱ 240፣ አራቱ 960 ዋት ይደርሳሉ። የመጀመሪያውን አንድ ኪሎ ዋት የሚያወጣ ትንሽ ጄኔሬተር ከሁለት ቬንትሌተርና ከመብራቱ ጋር ይሸከመዋል። ሁለተኛውን አይሸከምም፤ ተለቅ ያለ ጄኔሬተርና ለእሱ የሚሆን ቤንዚን ይጠይቃል። ዩፒኤስ ላይም ያው ነው፤ ዝቅ ያለ ጭነት ያለው ማሽን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ይቆያል፣ ከባዱ ቶሎ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ከፍሎ፣ ሁለት ለአንድ እየመራ ሳለ ስክሪኑ የጠፋበት ልጅ ነገ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል።

ሦስተኛው ነገር ኬዙ ራሱ ነው። አንድ ወጣት ከኮኪት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ተሸክሞ መጣ። «ጋሼ፣ ስከፍተው ይነሣል፤ ፊፋ ስከፍት ይጠፋል» አለኝ። የጎኑን ክዳን አወጣሁት። ውስጡ 570 ተገጥሟል። ይህ ማሽን ለካርድ የሚሆን የኤሌክትሪክ ገመድ ስለሌለው ለሃርድ ዲስክ ከተዘጋጀው የሳታ ገመድ በመቀጠያ ተጠልፏል። መቀጠያው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኗል፤ ቢጫው ሽቦ ሥሩ ላይ ለስልሶ ከጥቁሩ ጋር ሊጣበቅ ነው። ስነካው ገና ትኩስ ነበር።

«ይህንን ማን ሰጠህ?» አልኩት።

«ካርዱን የሸጠልኝ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር ነው የሚሠራው አለኝ።»

አስቀምጬ አስረዳሁት። ካርዱ የሚገባበት ቀዳዳ በደረጃው የሚሰጠው 75 ዋት ነው። 1050 ቲአይ በዚያች ብቻ ስለሚሠራ አብዛኛው ሞዴል ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም፤ ትሰካዋለህ፣ ይነሣል። 570 ግን ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ወይም ባለ 8 እግር ገመድ ይፈልጋል፤ የሳታ ማገናኛ ደግሞ በ12 ቮልት በኩል የሚችለው 54 ዋት ነው። የማሽኑ ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላ 290 ዋት ነው። ልቀይረው ቢል እንኳ የዚህ ዴል ማዘርቦርድ ማገናኛው የራሱ የፋብሪካው ስለሆነ ተራው ፓወር ሰፕላይ ያለ አስማሚ አይገባም። ልጁ ይህን ሁሉ በብር ደመረና ዝም አለ። በካርዱ ላይ ያተረፈው ገንዘብ ፓወር ሰፕላይና አስማሚ ሲገዛ ያልቃል። በመጨረሻ 570ውን ሸጦ 1050 ቲአይ ገጠምንለት፤ ማሽኑ ሌላ ምንም ሳይነካ እስከ ዛሬ ይሠራል።

1050 ቲአይም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው፤ ይኸውም ሐሰተኛው ነው። አሮጌ ጂቲኤስ 450 ወይም ጂቲኤክስ 550 ቲአይን ወስደው ስሙን በሶፍትዌር ቀይረው 1050 ቲአይ እያሉ የሚሸጡ አሉ። ማሽኑ ላይ ሲሰካ ስሙ ትክክል ሆኖ ይታያል፤ ጨዋታ ሲከፈት ግን እርቃኑን ይቀራል። ለእኛ አካባቢ ገዢ አንድ ምልክት ልንገረው። እውነተኛው 1050 ቲአይ የቪጂኤ ቀዳዳ የለውም፤ ቺፑ የድሮውን የአናሎግ ምስል አያወጣም። ጌም ቤቶቻችን ውስጥ ደግሞ ስክሪኑ ብዙ ጊዜ አሮጌ ባለ ቪጂኤ ነው። ስለዚህ ሰማያዊዋን ቀዳዳ ያየ ገዢ «ለስክሪኔ ይሆናል» ብሎ ደስ ይለዋል፤ የሚሸወደውም እዚያ ላይ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ትንሽ መቀየሪያ ለብቻው ይገዛ፤ ቪጂኤ ያለበትን ካርድ ግን ይመልሰው። ጂፒዩ ዜድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ስሙ የተቀየረ ካርድን ለይቶ ሐሰተኛ ብሎ ይጽፍበታል፤ ፍላሽ ላይ ይዞ መሄድ ነው። በ570 በኩል ያለው መመሳሰል ደግሞ ሌላ ነው፤ ለቻይና ገበያ ተብሎ የወጣ «አርኤክስ 580 2048 ኤስፒ» የሚባል ካርድ አለ። ስሙ 580 ይሁን እንጂ ውስጡ የ570 ነው፤ የ580 ዋጋ አይከፈልበትም።

ከዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ የወጣ 570 ሲመጣልኝ ሳልፈታ አልመክርም። ብሎኖቹን አውጥቼ ማቀዝቀዣውን ሳነሣ ቴርማል ፔስቱ ደርቆ ይፈረፈራል፤ በሜሞሪዎቹ ላይ ከተለጠፈው ለስላሳ ንጣፍ የወጣ ቅባት ሰሌዳው ላይ ይታያል፤ ፋኑ በጣት ሲገፋ ይንገጫገጫል። ከዚህም በላይ ሜሞሪው እንዲፈጥን ተብሎ ባዮሱ የተነካካ ይኖራል፤ እንዲህ ያለው ካርድ ዊንዶውስ ላይ ደህና ሆኖ ጨዋታ ላይ ስክሪኑን በነጠብጣብ ይሞላዋል። አንዳንዱ ሞዴል ከጎኑ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለችው፤ ያልተነካውን ሁለተኛ ባዮስ የምታስነሣ ናት። ሻጭ ስለዚህች አይናገርም፤ ፈልጓት።

የትኛውንም ግዙ፣ አቧራ አለ። ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰሊጥ ታጭዶ በሚራገፍበትና መኪናው ከእርሻ ወደ መጋዘን በሚመላለስበት ወቅት፣ የሚመጡልኝ ካርዶች ፋናቸውና የአሉሚኒየም ክንፎቻቸው መካከል አቧራው እንደ ባና ተነጥፎ ይወጣል። በጥፍር ሳነሣው ሳይበጠስ አንድ ላይ ይላቀቃል። በዚያ ላይ አየር አያልፍም። በወር አንድ ጊዜ ማሽኑን ነቅሎ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዞ፣ በለስላሳ ብሩሽና በብሎወር ማጽዳት ለባለ ጌም ቤት የግድ ነው። ማሽኑን ከመሬት አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡም ብዙ አቧራ ያስቀራል። 1050 ቲአይ የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ጽዳት ቢዘገይበት እንኳ ይታገሣል፤ 570 አይታገሥም።

570 በእጁ ያለ ሰው ግን ይጣለው አልልም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ካለው ሊገራ የሚችል ካርድ ነው። ስክሪኖቻችን በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ነው ምስል የሚቀይሩት፤ ካርዱ 110 ፍሬም ቢያወጣ ተጫዋቹ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው፣ ኤሌክትሪኩና ሙቀቱ ግን ሙሉ ነው። የጨዋታው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፍሬሙን 60 ላይ ወስኑት። ከዚያም በኤኤምዲ ሶፍትዌር ውስጥ የካርዱን ቮልቴጅ ጥቂት በጥቂት እያወረዳችሁ፣ በየደረጃው ጨዋታ ከፍታችሁ ፈትሹ፤ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚዘጋ ከሆነ አንድ ደረጃ መልሱት። በዚህ መንገድ የተስተካከለ 570 ከቀድሞው በጣም ያነሰ ዋት ሲበላ፣ ፋኑም ጸጥ ሲል አይቻለሁ። ቤቱ አንድ ወይም ሁለት ማሽን ብቻ ላለው፣ ወይም ጎንደር ከተማ ደጋው ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ምርጫው ራሱ ይለወጣል፤ እዚያ 570 በሚገባው ቦታ ላይ ነው።

ስለ ድራይቨር አጭር ነገር ልናገር። ኤኤምዲ ለ570 አስፈላጊ የሆኑ ማስተካከያዎችን ብቻ ወደ ማውጣት የወረደው በ2016 ነው። ኤንቪዲያም ለእነ 1050 ቲአይ የጨዋታ ድራይቨር ማውጣቱን በ2018 መጀመሪያ እንደሚያቆም፣ የደኅንነት ማስተካከያ ግን እስከ 2021 መጀመሪያ እንደሚቀጥል አስታውቋል። ለእኛ ደንበኞች ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ የሚጫወቱት ፔስ፣ ፊፋና ጂቲኤ 5 ናቸውና። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት ወቅት ሁሉንም የሠራነው ከጎንደር በሰው እጅ በመጣ ፍላሽ ነው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱንም ካርዶች የመጨረሻ ድራይቨር ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጫለሁ፤ የሚፈልግ ሰው ፍላሹን ይዞ ይምጣ፣ በነፃ እገለብጥለታለሁ።

እንግዲህ ለቆላው ጌም ቤት፣ ሦስት አራት የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ለሚጀምር ሰው፣ የእኔ ፍርድ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ባለ 4 ጊጋባይት 1050 ቲአይ ነው። የቢሮው ማሽን ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ አጭሩን ካርድ ጠይቁ፤ ረጅሙ አይገባም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ካርዱን ፊት ለፊታችሁ ሰክቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጨዋታ ያጫውትበት፤ ሙቀቱን ስክሪኑ ላይ እያያችሁ ጠብቁ። አልሰካም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።