የጃፓን ዝግባን በመንገድ ዳርና በአደባባይ ስለ መትከል

የጃፓን ዝግባ የሚባለው ዛፍ በአገሩ ቋንቋ ስሙ ሱጊ ነው። ዝግባ መባሉ በልማድ ነው እንጂ ከሊባኖስ ዝግባም ከአገራችን ዝግባም ዘር አይደለም፤ የዕፀዋት ሊቃውንት የሚቈጥሩት ከጥድ ወገን ነው። ግንዱ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ፥ ቅጠሉም ዓመቱን ሙሉ ስለማይረግፍ፥ ለመንገድ ዳርና ለአደባባይ ጌጥ ይመረጣል።

ዛፉ የሚወደው ጥልቅና ለም የሆነ፥ እርጥበት ያለው፥ ነገር ግን ውሃ የማይተኛበት መሬት ነው። ድርቅንና ደረቅ ነፋስን፥ ኖራ የበዛበትንም አፈር አይወድም። ችግኙ ከዘር ወይም ከተቈረጠ ቅርንጫፍ ይገኛል። በብርድ ወራት ቅጠሉ የነሐስ መልክ ቢይዝ ደርቋል ተብሎ እንዳይቈረጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብርዱ ሲያልፍ ተመልሶ ይለመልማልና። ቁመቱ 30 እና 40 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል፥ ከቤት ርቆ ይተከላል።

የዚህ ዛፍ ውበትም ጭንቀትም ጐልቶ የሚታየው በጃፓን አገር በኒኮ ነው። ማትሱዳይራ ማሳትሱና የተባለው መስፍን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1625 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፥ ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ወደ ተቀበረበት ቤተ መቅደስ በሚወስዱት መንገዶች ዳር 20 ዓመት ያህል ሱጊ አስተከለ። መንገዶቹ በጠቅላላው ከ35 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ፤ ዛሬም ወደ 12 ሺሕ የሚጠጉ ዛፎች ቆመውባቸዋል።

ነገር ግን ነፋስና በረዶ ለብዙ ዘመን ያልጣሏቸውን ዛፎች የመኪና መንገድ አደከማቸው። መንገዱ ሲሠራ ሥራቸው ተቈረጠ፤ ዙሪያቸው ያለውም አፈር በጭነት ብዛት ተረግጦ ጠጠረ። ስለዚህ የቶቺጊ አውራጃ አስተዳደር በ1996 ዓ.ም. ለፈቃደኞች አንዱን ዛፍ በ10 ሚሊዮን የን በባለቤትነት መስጠት ጀመረ፤ ዛፉ ከስፍራው ሳይነቃነቅ ከገንዘቡ የሚገኘው ወለድ ለጥበቃው ይውላል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓኖች ለእንጨት ሲሉ ብዙ ተራሮችን በሱጊ ሸፈኑ፤ ዛሬ በየዓመቱ የብርዱ ወራት ሲያልቅ የአበባው ዱቄት በነፋስ እየተበተነ ብዙ ሚሊዮን ሰው ያስነጥሳል፤ ዓይኑንም ያስለቅሳል። ዛፉ በጥቂቱ ለጌጥ ሲተከል መልካም ነው፤ አገሩን ሁሉ ሲሸፍን ግን ችግር ያመጣል።

እንግዲህ ዛፍ በመንገድ ዳር እንዲተከል የሚያዝ ሹም፥ ጕድጓድ ከማስቈፈሩ አስቀድሞ፥ መንገዱ ወደ ፊት ምን ያህል እንደሚሰፋ አስልቶ ለሥሩ የሚበቃ ስፍራ መለየት ይገባዋል። ያስተከለው ሹም ይሻራል፤ ዛፉ ግን ተከትለውት ለሚመጡት ሹማምንት ሁሉ ይቀራል።