ብራህማ ካማል፦ የሂማላያ «ቅዱስ» አበባ

የሂማላያ ተራሮች ሲነሡ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በረዶና የኤቨረስት ጫፍ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ብርድ ውስጥ የሚያብብ፣ ሕዝቡም እንደ ቅዱስ የሚያየው አንድ አበባ አለ፤ ብራህማ ካማል ይባላል። ለመሆኑ ብርዱን እንዴት ቻለው? ስለምንስ ተከበረ? መከበሩስ ጠቀመው ወይስ ጎዳው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በአጭሩ ለማብራራት እንሞክራለን።

በቅድሚያ ስሙን እንይ። ብራህማ በሂንዱ እምነት የፈጣሪ አምላክ ስም ነው፤ ካማል ማለት ደግሞ ሎተስ የተባለው የውኃ ላይ አበባ ነው። ነገር ግን ተክሉ የሎተስን ስም ያዘ እንጂ ዝምድና የለውም። የሳይንስ ስሙ ሶሱሪያ ኦብቫላታ ሲሆን፣ የሚመደበው ከሱፍ አበባና ከአገራችን አደይ አበባ ቤተሰብ ነው። በህንድ ከተሞች ሰዎች በየቤታቸው ተክለው በዚሁ ስም የሚጠሩት፣ ሌሊት የሚፈካ ነጭ አበባም አለ፤ እሱ ግን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ የበለስ (የባሕር ቁልቋል) ዘመድ ነውና መምታታት የለበትም።

ብራህማ ካማል የሚበቅለው ከ3,700 እስከ 4,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ይህ እኮ ከራስ ዳሽን ጫፍ ጋር የሚቀራረብ ነው! የሚያብበውም በዝናቡ ወራት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ ነው። ታዲያ ዝናቡና ውርጩ እንዴት አላጠፉትም? ምስጢሩ ከውጭ በሚታየው ሽፋን ላይ ነው። ከሩቅ የአበባ ቅጠል የሚመስለን ነጣ ያለ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ሽፋን በእውነቱ አበባው አይደለም። እውነተኞቹ አበቦች ውስጥ ተጨናንቀው የሚገኙት ጥቃቅን ሐምራዊዎቹ ናቸው። ሽፋኑ ብርሃን ያስገባል፣ ዝናብ ይከላከላል፣ ሙቀትም ያቆያል። በአጭሩ፣ የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን የፕላስቲክ ቤት ይመስላል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በሰሜን ህንድ፣ በኡታራካንድ ግዛት፣ አበባው እንደ ኬዳርናትና ባድሪናት ባሉ ቤተ መቅደሶች ለአማልክት ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተመሠረተው ይህ ግዛት መለያ አበባው አድርጎታል። የአካባቢው ሰዎች ለባህል መድኃኒትነትም ይጠቀሙበታል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ የተራራ መንደሮች የቆየ ልማድ፣ ናንዳ አሽታሚ የተባለው በዓል ሳይደርስ አበባውን መቅጠፍ ነውር ነበር፤ የሚለቅመውም ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ለበዓሉ የሚበቃውን ብቻ ይወስድ ነበር። በዓሉ እስኪደርስ ብዙው ዘር ይበስላል። እንግዲህ እምነቱ ሳይንሱን በውስጡ ይዞ ነበር ማለት ነው። አበባው ለተሳላሚ የሚሸጥ ዕቃ ሲሆን ግን ክብሩ ይቀራል፣ ደንቡ ይጠፋል፤ ዘር ሳይጥል ይቀጠፋል። ስለዚህ ተክሉን የጠበቀው ቅዱስ መባሉ ብቻ ሳይሆን ከቅድስናው ጋር የተሰጠው ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው የአበቦች ሸለቆም ዛሬ እነዚህን ተክሎች በሕግ ይጠብቃል።

ይህ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምን ያስተምረናል? ነገ ክፍል ገብተን «እያንዳንድህ አበባ ይዘህ ና» ብንል፣ 60 ተማሪ ቢያንስ 60 አበባ ይቀጥፋል። ለትምህርት መርጃ ግን አንድ አደይ አበባ ለክፍሉ ይበቃል፤ ፈልቀቅ አድርገን ብናሳይ አንድ የመሰለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ መሆኑን ተማሪው በዓይኑ ያያል። በደጋ የምንመደብ ደግሞ ጅብራን እናስብ፤ ብዙ ዓመት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። ያን የአበባ ግንድ መቁረጥ ያለውን ዘር ሁሉ ማጥፋት ነው። ተማሪዎቻችንን ተክሉ ካለበት ወስደን እናሳያቸው፤ ይሳሉት፣ ይለኩት፣ ዘሩንም እስኪጥል ይተዉት።